ወንድሜ፣ ትልቋ መኪናዬና ሁለቱ ምሰሶዎች

ስለ መኪናዬ ሰው ሳይጠይቀኝ ማውራት እወዳለሁ፤ ይህን ባለቤቴም ልጄም በየጊዜው ይነግሩኛል። ሥራዬ ከኤርፖርት ሰው ማመላለስ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ የእንግዳውን ስም ታብሌት ላይ ጽፌ መውጫው በር ላይ የምቆም ሾፌር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አሮጌዋን የቤንዚን መኪናዬን አስረክቤ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ሦስት ረድፍ ወንበር አላት። የበሯ እጀታ ሰው ሲጠጋ ከውስጥ ብቅ ይላል፣ ስክሪኗ ድሮ ቤታችን ከነበረው ቴሌቪዥን ይበልጣል፣ ወንበሯ ወገብ ያሻል። ከከተማው ዳር ሳክሲ የሚባል ሰፈር ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ተሰክታ ታድራለች፣ ጠዋት ሞልታ አገኛታለሁ። ጎረቤት ከተማችን ፎርት ዎርዝ ሁለቴ ደርሼ ብመለስ እንኳ ተርፎኝ ነው የምገባው።

ወንድሜ ፍራንክፈርት ታክሲ ይነዳል። በአሥራ አራት ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ሲሞት እኔ ሃያ፣ እሱ ስድስት ዓመታችን ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። እስከ ዛሬ ጋሼ ይለኛል፣ በእርስዎ ነው የሚያናግረኝ። ባለፈው መስከረም ለሁለት ሳምንት ሊጠይቀን ሲመጣ፣ የናፍጣ ታክሲው እንዳረጀችና ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር እንዳሰበ ቀደም ብሎ በስልክ ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሳያርፍ እኔ ወስኜለት ጨርሻለሁ።

ኤርፖርት ተቀብዬው ጋቢና ተቀመጠ። የወንበሩን ማሻ ከፈትኩለት። ሀይዌዩ ላይ ገብቼ ነካ ሳደርጋት መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ተፈተለከች፣ እሱም ወደ ኋላ ተለጠፈ።

«መግዛት ያለብህ ይቺን ነው» አልኩት።

«ጥሩ ናት ጋሼ» አለ።

ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ የተስማማ ሰው ማበርታት እንጂ ማስገደድ አልመሰለኝም። ባሰብኩት ቁጥር የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

በሁለተኛው ቀን ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ሰፈር ካለ መጋዘን አንድ ዕቃ ልቀበል ስሄድ አብሮኝ መጣ። ከመጋዘኑ ስወጣ ወንድሜ መኪና ማቆሚያው ላይ ከአንዱ ነጭ መስመር እስከ ሌላው ተረከዙን ከጫማው ጫፍ እያገናኘ ሲራመድ አየሁት።

«ምን ትለካለህ?»

«ዝም ብዬ ነው ጋሼ» አለና ፈገግ ብሎ ገባ።

ስንመለስ ስለ ፍራንክፈርት ጠየቅኩት። እንዲህ ዓይነት ትልልቅ የኤሌክትሪክ መኪና እዚያ የለም ወይ አልኩት። አለ፣ ከከተማ ወጣ ብለው ግቢ ያላቸው ሰዎች ይነዱታል፣ ባንክ የሚሠሩ ትልልቅ ሰዎችም አላቸው አለኝ። «ታዲያ!» አልኩ። መንገዱ ግን በሁለቱም በኩል መኪና ቆሞበት ጠበብ ይላል ሲለኝ፣ መንገድ የተሠራው ለመኪና አይደለም ወይ ብዬ አሳለፍኩት። ብዙዎቹ ደንበኞቹ ወደ ሐኪም የሚመላለሱ አሮጊቶች እንደሆኑና መውጣት መውረዱ እንደሚከብዳቸው ሲነግረኝ ደግሞ፣ መኪናዋን ዳር አቁሜ አንዲት ነገር ነክቼ ዝቅ ስትል አሳየሁት። «ግመል ናት፣ ትንበረከካለች» አልኩት። ሳቀ። ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ነበረኝ፤ እሱ ግን የጠየቀኝ አንድም ነገር አልነበረም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ እንደተለመደው ሰው ተሰብስቦ ያወራል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ወንድሜን ካስተዋወቅሁ በኋላ፣ ልክ እንደ እኔዋ ያለች መኪና አውሮፓ ሊገዛ ነው አልኩ። ሰዉ ተራ በተራ እጁን እየጨበጠ እንኳን ደስ ያለህ አለው። አንዱ ሽማግሌ ግንባሩን ስመው መረቁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤት ውጪ መኪናዬን ሳጥብ ልጄ መጣች። እዚሁ ነው ያደገችው፤ ቢሮ ትሠራለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከእኛ ቤት ሆና ነው የምትሠራው። ቧንቧውን ዘጋችብኝ።

«ዳዲ፣ ስለ አጎቴ ላወራህ ነው፣ ኦኬ? ማለቴ፣ እንዳትናደድ።»

«ምን ሆነ?»

«ከመምጣቱ በፊት መኪና ኦርደር አድርጓል። ትንሽዬ፣ ቦክስ፣ ሳጥን ነገር የምትመስል። ኤሌክትሪክ ናት። ሶ፣ አርብ ካንስል ሊያደርጋት ነው። አንተ ያልካትን ሊገዛ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጠየቅኩት። አንተ አልጠየቅከውም።»

«እንዴት አልጠየቅኩትም? ጥሩ ናት አለኝ እኮ!»

«ዳዲ፣ ያ ሰውዬ ላንተ ኖ ማለት አይችልም። ኔቨር ብሎ አያውቅም።»

ከዚያ ወንድሜ ስላሳያት ፎቶ ነገረችኝ። መኪናውን የሚያቆመው ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ በሁለት የኮንክሪት ምሰሶ መካከል። ቻርጅ የሚያደርግበት መሰኪያም እዚያው ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። መኪናዋ እዚያ ካልገባች ሥራው አበቃ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። ቀጥሎ በእሱ ተናደድኩ። አፍ የለውም ወይ፣ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የራሱ ልጆች አሉት። ቧንቧውን መልሼ ከፍቼ የታጠበውን ጎማ ደግሜ አጠብኩ። እዚያ ቁጢጥ ብዬ ሳለ ነው ጫማው ትዝ ያለኝ።

ትምህርት ቤት ላስገባው ስል ጫማ ገዛሁለት፣ ከእግሩ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ። ቶሎ እንዳይጠበው ብዬ ነው። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቅኩለት። ከሱቁ ወጥቶ ሲራመድ ተረከዙ እየወጣ ቷ ቷ ይላል። ይመቻል ወይ አላልኩትም። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና «እለምደዋለሁ ጋሼ» አለኝ። ያኔ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር።

ራት ላይ እውነቱን እንዲነግረኝ ለመንኩት። ሳህኑን እያየ፣ «ጥሩ ናት ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ምን ቸገረኝ» አለ። ባለቤቴ በእግሯ ነካችኝ። በመጠየቅ እንደማላወጣው ገባኝ። ቢነግረኝ እኔን መቃወም ይሆንበታል። አድርግ ካልኩት ግን ያደርጋል።

ሐሙስ ጠዋት ከጋራዡ ልጄ በሕፃንነቷ የምትጫወትበትን ጠመኔ ፈልጌ አወጣሁ።

«የፍራንክፈርቱን ማቆሚያህን እዚህ ሲሚንቶ ላይ ሣልልኝ» አልኩት።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ሣል ብዬሃለሁ።»

ሜትር ባመጣለትም አልፈለገም። በጫማው ለካው። አሥራ አንድ ዓመት የገባበትና የወጣበት ቦታ ስለሆነ አንዴም አልተጠራጠረም። እዚህ ጋ ግድግዳው፣ እዚህ መሰኪያው፤ ገመዱ የሚደርሰው መኪናው እስከዚህ ድረስ ከገባ ብቻ ነው። እዚህና እዚህ ምሰሶ። እነሱን ለማሳየት የቆሻሻውንና የሪሳይክሉን በርሜል ጎትቶ ግራና ቀኝ አቆመ። ከምሰሶዎቹ በስተኋላ በሁለቱም ጎን የጎረቤቶቹ መኪኖች ይቆማሉ፤ ለነሱም የጓሮ ወንበሮች ደረደረ። ሲጨርስ እጁን አራገፈና የሠራውን አየ። ከመጣ ጀምሮ ስለ አንድ ነገር እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ አላየሁትም ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። «በርሜሎቹን ያዟቸው፣ ምሰሶ ናቸው፣ አይነቃነቁም» አልኳቸው እሱንና ልጄን። ልጄ አንዱን አቀፈች፣ ወንድሜ ሌላውን። ገና ስጠጋ መኪናዋ በሁሉም በኩል መጮህ ጀመረች፤ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ጎን መስታወቶቹን አጠፍኩ። ወንድሜ በአንድ እጁ በርሜሉን እንደያዘ በሌላው ይመራኝ ጀመር።

«ይምጡ፣ ይምጡ፣ ይምጡ… ትንሽ ወደ ቀኝ… ይምጡ… በቃ።»

ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ስገባ ደስ አለኝ። ይኸው ገባች ልል አፌን ከፍቼ በሩን ገፋሁ። አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ በርሜሉን ነካ። እጄ ይወጣል፣ ሆዴ አይወጣም። በወዲያኛውም በኩል ሞከርኩ፣ ያው ነው። የኋላው የጎን በርም የጓሮ ወንበሮቹ ጋ ደረሰና ቆመ። ተመልሼ መሪዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

መስኮቱን አወረድኩ። «ከዚህ እንዴት ነው የምትወጣው?»

ወንድሜ አሰበ። «የኋላ ወንበሮቹ ይታጠፋሉ ጋሼ። በሻንጣው በኩል እወጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

ልጄ በርሜሏን አቅፋ ወደ ሰማይ ታያለች።

«እለምደዋለሁ ጋሼ» አለ።

ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ስልሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ በቆሻሻ በርሜሎች መካከል ወገብ የሚያሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያንን ልጅ አሳድጌው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ግን ምን ትፈልጋለህ ብዬው አላውቅም። ጫማውን፣ ትምህርቱን፣ ስደቱን ሳይቀር እኔ ነበርኩ የመረጥኩት። ለሁሉም እሺ ብሎኝ፣ እሺ ሲለኝ ደስ ያለው መስሎኝ ኖሬአለሁ።

«አትለምደውም» አልኩት። «አውጣ ስልክህን። ያችን ትንሿን እፈልጋታለሁ በላቸው፣ አሁን።»

ደነገጠ። ከዚያ ያሰበው ስለ ራሱ አልነበረም። «ሰዉ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ እኮ ነው ጋሼ። እርስዎን ምን ይሉዎታል?»

«ተሳሳተ ይሉኛል። ደውል።»

ፍራንክፈርት ገና ሥራ አልተዘጋም። በጠመኔ ከሣለው መስመር ወጣ ብሎ ደወለ። እኔ መውጣት ስለማልችል በመስኮት እሰማለሁ። ጀርመንኛ አላውቅም። የሰማሁት መጨረሻ ላይ ሲስቅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ስልኩን ዘግቶ መጣና በርሜሉን ከበሬ ላይ አነሳልኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እሱ ተመልሶ ሄዷል። መኪና ማቆሚያው ላይ እኚያ የመረቁት ሽማግሌ፣ ወንድምህ መኪናዋን ገዛ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልገዛም አልኳቸው። ትልቅ መኪና እዚያ የሚመቸው አለ፣ የማይመቸውም አለ፤ እሱ የማይመቸው ነው፣ እኔ ሳልጠይቀው ነው ያወራሁት አልኩ። እሳቸውም ይሁን ብለው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነገሩኝ። የፈራሁትን ያህል አልነበረም።

የእኔን መኪና አሁንም እወዳታለሁ። መንገዳችን ሰፊ ነው፣ ጋራዤ ሰፊ ነው፣ እንግዶቼም ረጃጅሞች ናቸው። ለኔ ልኬ ናት። የጠመኔው ምሰሶ ግን ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ደጃፌ ላይ ነበረ፤ ስገባም ስወጣም በላዩ አልፍ ነበር።

ኅዳር ላይ ከወንድሜ ፎቶ መጣ። ትንሿ መኪና ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ቆማለች። ሁለቱም በሮች እስከ ጥጋቸው ተከፍተዋል፤ ገመዱ ተሰክቷል። ከሥሩ «ጋሼ፣ በሩ ይከፈታል» ብሎ ጽፏል።

ጥሩ ናት ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት አጠፋሁትና ሌላ ጻፍኩ። «ወደድካት?»

መልሱ ቆየ። እየጻፈ እንደሆነ ይታየኛል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ስልኩ ላይ የፈጠጥከው አለችኝ።

«ቀለሟን አልወደድኩትም ጋሼ» ብሎ ላከ። «ሰማያዊ ነበር የምፈልገው።»

ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።