ውጤቱን አትንገሪኝ

ጋሼ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሳዑዲ፣ ኾባር ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ እኔን ግን በዓርብ ኳሱ አንገሽግሾኛል።

አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባው የሰፈሩን ልጅ ቪዲዮ አሳየው። ልጁ የሃይስኩል ቡድን ኳርተርባክ ነው፤ በአሜሪካ እግር ኳስ ኳሱን ለሯጮቹ የሚወረውረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ልጁን እንደወለደው ያዘው። ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ሲሆን አብሮት ተከዘ፤ ፕሮፌሽናል ቡድን ሲወስደው ኬክ ቆረሰልን።

ጨዋታው የሚደረገው እዚህ ሰው ሲተኛ ስለሆነ፣ ቀድቶ ያቆየውና በእረፍት ቀኑ ዓርብ ያየዋል። እስከዚያ ውጤቱን መናገር ክልክል ነው። እኔ ከደማም ስመጣ ገና በሩ ላይ፣ "ፊትሽ ይናገራል፤ ከኋላዬ ተቀመጪ" ይለኛል። ስንት ዓመት ማጅራቱን እያየሁ ምሳ በላሁ።

"ጋሼ፣ ጨዋታው እኮ ኸላስ፣ አልቋል" ስለው፣

"ለእኔ አላለቀም" ይላል።

አንድ ዓርብ በሩን የከፈቱልኝ አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም ፊቴን አላዩኝም። "ምሳ በልተሻል?" አሉኝ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ። መርዶ ነጋሪ እህል ሳያስቀምስ እንደማይናገር ስለማውቅ፣ ሳይነግሩኝ ገባኝ።

ከአርባው በኋላ ያላየውን የመጨረሻ ጨዋታ ከፈትኩት። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ውጤቱንም አውቀው ነበር። ሞቶም ከኋላው አስቀመጠኝ።