ከጣት አሻራዎቹ በላይ የጻፍኩት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ልጆቼ የሚያውቁት አባታቸው ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠረ፣ ለግማሽ ሆሳዕና ከተማ ማመልከቻ የጻፈ ሰው መሆኑን ብቻ ነው፤ ያም እውነት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የነፍስ አባት የሚባል የለም፤ ሰው ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር ይናገራል። እኔም ስንት ጊዜ ተናገርኩ። ግን እርሱ ቀድሞውንም ያውቅ ነበር፤ ለሚያውቅ መናገር ምን ኑዛዜ ነው? ስለዚህ ለማታውቀው ለአንተ ልናገር።

አስቀድመህ ማን እንደ ነበርኩ እወቅ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ እናቴ ሀዲይኛ ብቻ ነበር የምትናገረው። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በደርግ ዘመን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ ዣንጥላ ይዤ ስቀመጥ፣ ኮሌጅ ጨርሰው የመጡ የቢሮ ሰዎች እንኳ "ይህን የጻፈው ማነው?" ይሉ ነበር። ከእኔ የተሻለ ጸሐፊ በዚያ ከተማ አልነበረም። በደሌም የበቀለው ከዚሁ ነው።

ያን ጊዜ ገበሬው ከየጓሮው እየተነሣ በመንደር ይሰባሰብ ነበር። ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይ አርባ አንድ ቤት የሰፈረበት አዲስ መንደር ነበር። ሰዎቹ እንሰታቸውንና ምንጫቸውን ዳገቱ ላይ ትተው ወርደዋል። ቧንቧ ይመጣላችኋል ተብለው ቦዩን ራሳቸው ቆፈሩ፤ ቱቦው ግን ግማሽ መንገድ ደርሶ ቆመ። አንድ ቀን ታዲያ ሬዲዮ የዚያ መንደር ሕዝብ የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆነ ብሎ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ቱቦ ሊጠይቅ የሄደውን ሁሉ የአውራጃው ቢሮ "የእናንተማ አልቋል፤ በሬዲዮ ሰምተናል" እያለ መለሰው። ሴቶቹ ከወንዝ የደፈረሰ ውሃ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ልጆች ሆዳቸውን ታመሙ።

ኤርሲዶ የሚባል የመንደሩ ገበሬ ወደ እኔ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሬዲዮው በሳምንት አንድ ቀን የአድማጮችን ደብዳቤ ያነብባል፤ ኤርሲዶ ይህን ስላወቀ ከቤት ቤት ዞሮ ጎረቤቶቹን አሳምኗል።

"ሬዲዮ የሁላችን ነው ይላሉ፣ መምህር" አለኝ። ማንንም አስተምሬ አላውቅም፤ ሆኖም መምህር ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። "የሁላችን ከሆነ የተሳሳተውን ያርም። ሌላ አንፈልግም።"

"ደፋር ነህ" አልኩት።

"ኧረ አይደለሁም። ውሃ ነው የጠማኝ።"

የሚለውን ቃል በቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ ያዝኩለት።

በሥራዬ አንድ ደንብ ነበረኝ። ማመልከቻውን ጽፌ፣ በሚገባቸው ቋንቋ አንብቤ ካሰማኋቸው በኋላ ነው ሰዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የሚያትሙት። ያን ቀን ግን ገበያ ነበር፤ ዝናብም ሊጥል ጠቁሯል። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው መጥቶ ጠረጴዛዬን ከቧል። "ከታች አትሙ፤ ከላይ በኋላ እሞላዋለሁ" አልኳቸው። አመኑኝ። ዱሬቴ የምትባል አንደበቷ የተሳለ ሴት ብቻ ቀለም የነካ ጣቷን አየር ላይ አቁማ፣ "መምህር፣ በዚህ ጣት ላሜን ብትሸጥብኝ ያንተን ጣት እነክሰዋለሁ" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አርባ አንድ ሐምራዊ ጣት በባዶ ወረቀት ግርጌ ተሰልፎ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ሆሳዕና በጉም ተውጣ ነበር። ቤቱም ዛፉም ጠፍቷል። በቀበሌው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የዜና አንባቢው ድምፅ ብቻ፣ አካል የሌለው ይመስል፣ በነጩ ውስጥ ይንሳፈፋል። ቆሜ አዳመጥኩ። ያ ድምፅ የእኔን ዓረፍተ ነገር ቢያነብብስ? አገር ሁሉ፣ እስከ ባሕሩ ዳር፣ ስኳር መጠቅለያ አንብቦ ያደገ ሰው የጻፈውን ቢሰማስ? የኤርሲዶን ቃል አውጥቼ አየሁት። አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። ቅር አለኝ። ቢሮ በር ላይ እንደ ቆመ ገጠሬ መሰለኝ፤ ማንም አያስገባውም አልኩ።

ፈርቼ ነው ብል ዘመኑን የሚያውቅ ሁሉ ይቅር ይለኛል። አልፈራሁም። አማረኝ እንጂ። ከእነዚያ ጣቶች በላይ እኔ ጻፍኩ። "ከዳገቱ ወርደን ብርሃን አየን፤ ውሃውም እንደ ተስፋችን ኩልል ብሎ ይፈስሳል" ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ "ለቀረው ጥቂት ሥራም ተስፋ አለን" አልኩ። የአርባ አንድ ቤት ጥም በእኔ እጅ አምስት ቃል ሆነ። ማን ፈቀደልኝ? ማንም። እኔ ጻፍኩት፤ እኔ አሸግኩት፤ ፖስታ ቤትም የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤው የተነበበ ዕለት እመንደሩ ነበርኩ። ኤርሲዶ ሳምንቱን በሙሉ "በዚህ ሳምንት ይታረማል" እያለ ሰዉን ሲሰበስብ ከርሟል፤ በስተመጨረሻ ከሰዓት በኋላ የእኛ ተራ ደረሰ። ሬዲዮውን የገበሬ ማኅበሩ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጠውታል። አንባቢው ጀመረ። እኔ ያሰብኩበት ቦታ ላይ ትንፋሹን ያዘ፤ እኔ ያሰብኩበት ላይ ድምፁን አለሰለሰ። አማርኛ የሚሰሙት ለማይሰሙት በሹክሹክታ ሲተረጉሙ፣ ፊቶች አንድ በአንድ ሲጨልሙ አየሁ። ከሥራዬ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ እነርሱ አንገታቸውን ሲደፉ እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ከአንባቢው ጋር አብሬ እል ነበር።

"ኤርሲዶ" አለች ዱሬቴ፣ "እንስራዬን ሬዲዮው ሥር ላስቀምጠው?"

አንድ ሽማግሌ ከኋላ "ምን አበሉህ?" አሉት።

ኤርሲዶ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ዱሬቴ ጣቴን ትነክሰኝ ነበር፤ እርሱ ግን ነጻ ይወጣ ነበር። እኔ ግን "እነሱ ለውጠውት ነው፤ ሬዲዮ እንዲህ ነው" አልኩ።

አመነኝ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። በመንገድ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ እኔን ያጽናና ነበር። "አይዘኑ፣ መምህር። እርስዎ ያን ያህል ደክመው እነሱ ማበላሸታቸው ያሳዝናል። ሌላ እንጽፋለን።"

ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስት ጊዜ "ሁለተኛ ብንጽፍ ያስሩናል" አልኩት። ያልፈራሁትን ፍርሃት ተበደርኩ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ያጋልጠው ነበር። ጎረቤቶቹ ከደቦ አስቀሩት፤ ተሸጧል አሉት። ከዓመት በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ዱራሜ፣ ወደ አማቶቹ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ቱቦው የደረሰው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ሴት ወንዝ ወረደች? ስንት ልጅ ታመመ? አልቆጠርኩም፤ ለመቁጠር ድፍረቱ አልነበረኝም።

አሁንም ጉም በወረደ ጠዋት ያ ድምፅ ይመጣብኛል። በሕልሜ ደግሞ ቧንቧው ይከፈታል፤ ሴቶቹ እንስራቸውን ደቅነው ይጠብቃሉ። ከቧንቧው የሚወጣው ግን የኔ ዓረፍተ ነገር ነው። ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ እንስራው አይሞላም። ከዳገቱ ላይ አርባ አንድ ሰው ሐምራዊ ጣታቸውን ወደ ፊት ይዘው ይመጣሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዱራሜ ድረስ ሄጄ ኤርሲዶን ፈለግሁ። አርፏል አሉኝ። ይቅርታ የምለምነው እርሱን ነበር፤ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ የተጠማኸው አንተ አይደለህም። ይህንንም ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ገልብጬ አሳምሬዋለሁ፤ አመሌ እንደሆነ አይለቀኝም። ያች ቁራጭ ወረቀት ግን አሁንም በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለች። ኤርሲዶ ያለኝን፣ አንድ ፊደል ሳልነካ፣ ይኸው፦

እኛ ጋ ውሃ የለም። እናንተ አለ ብላችኋል። ስለዚህ ቢሮው ቱቦ አይሰጠንም። እባካችሁ የለም በሉ።