አባቴ ያጠበው ሉህ

ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ታሪክ እማር ነበር። ትምህርቱ ከሚሴ ላለው አባቴ ከቶ አልዋጥለት አለ። የጎረቤት ልጅ ነርስ ሆናለች፣ የአክስቴ ልጅ መንገድ ይሠራል፤ እኔስ? ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወጥቶ ሰው ሲጠይቀው «ታሪክ ትማራለች» ብሎ «ሥነ ጥበብ» የሚለውን ይውጠዋል። እኔን ደግሞ «ኢንተላ ኮ፣ ሌላ ሰው የሣለውን ቆሞ ማየት ምኑ ትምህርት ነው?» ይለኛል። በኦሮምኛ «ልጄ» የሚለኝ ሲያዝንልኝ ነው። ያ ማዘኑ ያንገበግበኝ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ጠፍቶብኝ ለእረፍት ቤት ገባሁ። ግድግዳችን ላይ የአያቴ ወንድም ሉህ ተሰቅሏል፤ ቁርአን ሲቀራ ይጽፍበት የነበረ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ተማሪ ትምህርቱን ሲያውቀው ሉሁን አጥቦ አዲስ ይጽፍበታል። እሱ ግን ሳይጨርስ ስለሞተ ሉሁ ሳይታጠብ ኖረ። በጥቀርሻ ቀለም ከጻፈው ዙሪያ በገዛ እጁ የሣለው ሐረግ ነበር። ስንት ዓመት ሥሩ ተቀምጬ ምሳ በልቻለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አስተውዬው አላውቅም።

ያኔ ግን ርዕሴን አገኘሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ስነግራቸው መምህሬ ደስ ብሏቸው ሐረጉን ፎቶ እንዳነሳበት የራሳቸውን ካሜራ አዋሱኝ። እኔም ደወልኩ። «አባ፣ ሉሁን ለትምህርቴ እፈልገዋለሁ፤ አደራ!»

«ለትምህርት ከሆነማ!» አለ።

ቤት ስደርስ አባቴ በነጭ ጨርቅ የጠቀለለውን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ፈታሁት። እንጨቱ ጥርት ብሎ ታጥቧል፤ ፊደሉም ሐረጉም የለም።

«አንቱ አባ! ምን አረጉ?» ብዬ ጮህኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ደነገጠ። «የተማሪ ሉህ ታጥቦ አይደል እሚሰጥ? እንደ ሶላት ዉዱእ አርጌ፣ ቢስሚላህ ብዬ ነው ያጠብኩት። ውሃውንም እግር እማይረግጠው ቦታ፣ ከሎሚው ሥር ነው ያፈሰስኩት። አጠፋሁ እንዴ?»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ማንንም አላስነካም ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ሲያሸው እንደነበር ነገረችኝ። የሸንበቆ ብዕርና አዲስ ቀለምም አዘጋጅቶ ነበር።

«እሱ ያልጨረሰውን አንቺ ጨርሺው ብዬ እኮ ነው» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ተናድጄ ነበር፤ አልክድም። መመረቂያዬን በምን ላይ እንደምጽፍ እንጃ። ግን ሥዕል ማየት ምኑ ትምህርት ነው ሲለኝ የኖረው አባቴ፣ የሞተ ዘመዱን ብቸኛ ጽሕፈት አጥቦ የተማሪ ሉህ ሰጠኝ። በጮህኩበት አፌ አፈርኩ።

«አላጠፉም፣ አባ» አልኩት።

ብዕሩን ተቀበልኩና ሐረጉን እንደማስታውሰው ከጥግ ጀምሬ መሣል ያዝኩ። አባቴ ገበያውን ትቶ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ዋለ።