የምንጣፍ መጥረጊያው ዕድሜ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግነው ሰሎሞን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ጠራኝ። ሐምሌ ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ገባሁ። መሐል ላይ አንድ ሆቴል ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ የላከው አሮጌ የምንጣፍ መጥረጊያ መኪና ቆሟል፤ ያ እጀታውን ይዘው ቀጥ ብለው የሚገፉት፣ አቧራውን እየመጠጠ ከጀርባው በተንጠለጠለ የጨርቅ ከረጢት የሚያጠራቅመው።

«አያ ይስማው፣ እርስዎ ድሮ ፈረንጅ ቤት ሠርተዋል አሉ። ይኼ ዕድሜው ስንት ይሆናል? ለጌጥ ሊያቆሙት ነው፤ ዕድሜውን ጽፈህ ለጥፍበት ብለውኛል።»

«ስልክህን አትጠይቀውም?»

«ጠየቅሁት። አሥር ዓይነት መልስ ሰጠኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ገላው ብረት ነው፤ ፕላስቲክ አልነካውም። ገመዱ የተሸፈነው በጎማ ሳይሆን በተሸመነ ክር ነው። አስገለበጥሁት፤ ከሥሩ የፋብሪካውን ታርጋ አገኘሁና ዝገቱን በአውራ ጣቴ ጠርጌ ቁጥሩን አነበብሁ።

«ይኸውልህ የተሠራበት ዓመት። ግን የፈረንጅ ቆጠራ ነው። በእኛ ካነበብኸው ሰው ታሳስርበታለህ» አልሁት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ቢሆን ነው፣ ቡሬ ከተማ ዳር በነበረ አንድ እንግዳ ማረፊያ ዘበኛም አትክልተኛም ነበርሁ። ቤቱን የሠሩት መንገድ ሠሪ ፈረንጆች ናቸው። ደርግ ሲመጣ እነሱ ሄዱ፤ ቤቱ ከነዕቃው የመንግሥት ሆነ። ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነበር። የቡሬን ክረምት የሚያውቅ ሰው ምንጣፍ አያነጥፍም፤ ቀዩ ጭቃ ከጫማ ጋር ተጣብቆ ሳሎን ይገባል። ፈረንጅ ግን የሰው አገር ዝናብ ምክር አይጠይቅም።

ያን ምንጣፍ የምታጸዳው እትዬ ብርቄ ናት። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ይህንኑ የመሰለውን መጥረጊያ መኪናዋን «ባሌ» ትለው ነበር። «ባሌ ዛሬም ሲያጉረመርምብኝ ዋለ። አቧራ ባበላው ባበላው አይጠግብ!» ትልና ትስቃለች። ቀትር ላይ በረንዳው ጥግ ቁጭ እንልና፣ ወንዝ ውስጥ ሰንብቶ ምሬቱ የወጣለትን ግብጦ ከመሐረቧ ፈትታ ታካፍለኛለች። ቅርፊቱን በጥርሳችን እየገፈፍን፣ ዝናቡ ከዳሞት ተራራ በኩል ሲመጣ እናያለን። ደግ ነገር በሕይወቴ ብዙ አልገጠመኝም፤ ያን ግን እቆጥረዋለሁ።

አንድ የነሐሴ ጧት መኪናው ከእጇ ላይ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። ዕቃ ነው፣ ይሞታል። ጊዜው ግን ዕቃ ሲሰበር ሰባሪ የሚፈለግበት ነበር። የንብረት ተቆጣጣሪው ከፍኖተ ሰላም መጣ። ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ከዚያ ያለፈ ግን አያውቅም። የማያውቀውን አላውቅም ማለትም አልተማረም። ፈረንጆቹ የዕቃ መዝገብ ትተው ስላልሄዱ መኪናውን አስገልብጦ የታርጋውን ቁጥር አነበበ። በጣቱ ቆጠረ።

«ሦስት ዓመቱ ነው። የሦስት ዓመት ብረት በገዛ እጁ አይሞትም። ውኃ ጨምረሽበታል። አሻጥር ነው!»

እትዬ ብርቄ መጀመሪያ ሳቀች። «ሦስት ዓመት? ጌታዬ፣ እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ገፍቼዋለሁ እኮ! ከረጢቱን ስንት ጊዜ ጥፌለታለሁ።»

«ጓድ በይ። ታርጋው ይዋሻል ነው የምትይው?»

ያኔ ሳቋ ጠፋ። ወደ እኔ ዞረች።

«ይኸው ይስማው ይጠየቅ! ይስማው፣ አንተ ከተቀጠርህ አምስት ዓመትህ። ስትመጣ ይኼ መኪና ነበረ፣ አልነበረም?»

ነበረ። የገባሁ ዕለት በረንዳው ላይ ከረጢቱን ስታራግፍ አቧራው ፊቴን አልብሶኝ ስቃብኛለች። እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ተቆጣጣሪው ግን ጣቱን ታርጋው ላይ አድርጎ ያየኛል። «ይኼ ብረት ላይ የተጻፈ ነው። አንተ ከዚህ ትበልጣለህ?» አለኝ።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጽሑፍን እንዴት እንደሚፈራ የተማረ ሰው አይገባውም። እኛ ቤት መጽሐፍ ሲነበብ ተነሥተን ነው የምንሰማው። ኮፍያዬን አውልቄ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «የተጻፈው ካለ የተጻፈው ነው» አልሁ።

እትዬ ብርቄ አየችኝና ነጠላዋን አጣፋች። ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰዷት፤ ስምንት ወር ታሰረች። ሁለቱ ልጆቿ ለዘመድ ተበተኑ፤ ትልቋ ሰው ቤት ገረድ ገባች።

ኋላ መሠረተ ትምህርት መጣና እኔም ከሽማግሌ ከልጁ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ቀን አስተማሪው፣ «የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በሰባት፣ በስምንት ይቀድማል» አለን። ሌላው ሳቀ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። በቀጥታ ወደ እንግዳ ማረፊያው ግምጃ ቤት ሄድሁ፤ መኪናው ከጆንያ ኋላ ተጥሏል። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብሁ፣ ቀነስሁ፣ ደግሜ ቀነስሁ። ሦስት ዓመቱ የተባለው መኪና በሞተበት ቀን አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የገደለው እርጅና ነው።

እትዬ ብርቄ ተፈትታ ቡሬ ገበያ ጌሾ ትሸጥ ነበር። ፊቷ ቆምሁ።

«አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፣ እትዬ። ታርጋው በፈረንጅ ቆጠራ ነው። እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።»

ጌሾውን መስፈሯን አላቆመችም።

«እኔ መቼ አንብብልኝ አልሁህ፣ ይስማው? ነበረ፣ አልነበረም ነው ያልሁህ።»

እስክትሞት ድረስ ሌላ ቃል አልጨመረችልኝም።

ለሰሎሞን ዓመቱን በእኛ ቆጠራ ቀንሼ በወረቀት ጻፍሁለት። «እርስዎ ባይኖሩ ተሳስቼ ነበር» አለኝ። ያልተማረ ሰው ነበርሁ፣ ምን ላድርግ፣ እያልሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ሰውም ያዝንልኛል። ውሸት ነው። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው። ለፍርሃቴ መሃይምነት ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ማንበብ ከተማርሁ ወዲያ ያ ስም አልጠቀመኝም።

ገረድ የገባችው የእትዬ ብርቄ ትልቋ ልጅ ዛሬ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ናት፤ አርጅታለች። የዚያን ቀን ምን እንዳልሁ እናቷ አልነገረቻትም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ደረቁን ለእኔ ለቅቃ ጭቃው ላይ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ዋሉ፣ አያ ይስማው?» ትለኛለች። እኔም «እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።