መርዶ ይዤ ጀርመን

ጀርመን ለሽርሽር የሄድሁ የመሰለው የደብረ ታቦር ሰው ሁሉ ቀናብኝ። እኔ ግን ከበሶውና ከድርቆሹ ጋር ለእህቴ የእናታችንን መርዶ ይዤላት ነበር። እማዬ ካረፈች ስድስት ወሯ ነው። እህቴ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን፣ በደወለች ቁጥር ሰበብ እየፈጠርን ደበቅናት።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። እዚያ ያለው ዘመድ እኔ ብቻ ነኝ። እሷ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሥራ ትገባለች። ስትመለስ ከተማውን ታሳየኛለች፤ በየድልድዩ ፎቶ ታነሳኛለች፤ እኔም መርዶዬን ውጬ ፈገግ እላለሁ።

እሑድ በባቡር ገጠር ወሰደችኝ። የስንዴው ማሳ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን መሰለኝ። አሁንስ ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት፣ አንድ የመቃብር ቦታ ገባች። ማጠጫ አነሳችና ሣር የወረሰው የፈረንጅ መቃብር ላይ ውኃ ታፈስ ጀመር።

«የማን ነው?» አልኋት።

«እንጃ። ጠያቂ የለውም። ለእማዬ ብዬ አጠጣዋለሁ።»

«ማን አረዳሽ?»

«እናንተው!» አለች ቀና ሳትል። «በደወልሁ ቁጥር ‹እማዬ ቅዳሴ ናት› ትሉኛላችሁ። ስድስት ወር ሙሉ የማያልቅ ቅዳሴ የት አለ፣ ወንድምዓለም?»