ጆሮ የሌለው አባት

ሐኪሙ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ አጥንቴን አመመኝ ካለች ሳላሳድር ይዣት እንድመጣ። የደም ካንሰሩ ሊመለስ ሲል እንዲያ ነው የሚጀምረው አለኝ። ደሴ ታክማ ወደ ሮቢት ከተመለስን ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጠይቃታለሁ። ደህና ነኝ አባ ትለኛለች። ፊቷ ግን ሌላ ነው የሚያወራው። ወላሂ፣ ያን «ደህና ነኝ» እንደ መርዶ ነበር የምፈራው።

ለክትትል የምንመላለስበት የቆቦ ሆስፒታል ውስጥ፣ የታመሙ ልጆችን ሥዕል እያሳለች የሆዳቸውን እንዲያወጡ የምትረዳ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች። መጀመሪያ አልወደድኳትም። እኛ አንጀታችን እያረረ እሷ ቀለም ታድላለች! መድኃኒት ጠፍቶ ነው ወይ ሥዕል፣ ብዬ ፊት ለፊት ተናግሬያታለሁ። ቅር አላላትም፤ ወንበር ስባ ይቀመጡ አለችኝ።

የዚያን ቀን ልጄ እኔን ሳለችኝ። ሽርጤ አለ፣ ዱላዬ አለ፣ ጺሜም ሳይቀር። ጆሮ ግን የለኝም። ልቤ ድንግጥ አለ። ይሄ ደግሞ የምን ምልኪ ነው ብዬ ወረቀቱን ልቀማት ስል፣ ባለሙያዋ በዓይኗ ከለከለችኝና የአባትሽ ጆሮ የት ሄደ ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ማታ ማታ ሳቃስት እንዳይሰማ ነው» አለች ልጄ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «ከሰማ ጓሮ ሄዶ ያለቅሳል።»

እኔ ደግሞ ማንም አላየኝም ብዬ! ዓይኔ ቀልቶ ስታየኝ ሽንኩርት ስቆርጥ ውዬ ነው እላት ነበር። ሽንኩርታችን ከተሸጠ ሰንብቷል፤ እሷም ታውቃለች። እኔ እሷን ሳባብል እሷ እኔን ስታባብል፣ ለካ ሁለታችንም ስንዋሻሽ ነው የከረምነው።

አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ሌሊት ብቻዋን እንዳቃሰተች አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፈራሁ። ባልሰማው ምን ነበረበት አልኩ በሆዴ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ እንደምንም ብዬ የት ላይ ነው የሚያምሽ አልኳት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቴን ደህና አድርጋ አየችው።

«አታለቅስም?»

«አላለቅስም።»

እጄን ይዛ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወደ ወገቧ ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ ትከሻዋ። ይበቃል ልላት ፈለግኩ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።