ቅዳሜ በኢሕሳን ጌም ቤት

አለበል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነዳው ትራክተር ነው። ከትራክተር ሌላ የነዳው ነገር ቢኖር በኢሕሳን ጌም ቤት ቴሌቪዥን ላይ ያለውን ጭቃ የለበሰ መኪና ብቻ ነው።

ኢሕሳን አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የጎንደር ሰው ናት። መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክና አንድ ትልቅ ቬንትሌተር አስቀምጣ ጌም ታጫውታለች። ሌላው ሰው ኳስ ሲመርጥ የትራክተር ሾፌሮች የሚመርጡት መኪኖች በጭቃ፣ በወንዝና በገደል የሚሽቀዳደሙበትን ነው። ክረምቱን ከዋልካ ጭቃ ጋር ሲታገሉ የሚከርሙ ሰዎች በዕረፍታቸው ደግሞ ጭቃ ፍለጋ መምጣታቸው ያስቃት ነበር።

የአለበል ተፎካካሪ ታናሽ ወንድሙ ምንይችል ነው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዘው አለበል ነበር። እርሻ ላይ ምንይችል የታላቁን ቃል አይጥስም። ጌም ቤት ሲገቡ ግን ታላቅ ታናሽ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይገናኛሉ፤ የተሸነፈ የአሸናፊውን ትራክተር ያጥባል። አለበል መንገዱን ጠብቆ ይነዳል። ምንይችል በቁጥቋጦው እያቆራረጠ፣ ከገደል እየዘለለ ይቀድመዋል።

«ወንድም ጋሼ፣ አስፋልት እስኪያነጥፉልህ ነው የምትጠብቀው?» ይለዋል።

መኪናው ሲገለበጥ ጌሙ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ አንሥቶ በጎማው ያቆመዋል። ምንይችል ይህን ባየ ቁጥር «ይቺስ እናት ናት» ይል ነበር።

የእርሻው መንገድ እናት አይደለም። ዋልካ ላዩ የደረቀ መስሎ ከሥር የሚውጥ ቦታ አለው። ስለዚህ ሾፌሮቹ ሕግ አላቸው፤ የሰመጠ ሰው ታግሎ ከወጣ በኋላ፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ የሰመጠበት ቦታ ላይ ሳይተክል አይሄድም። ከኋላ የሚመጣው የሚከተለው ዱካውን ነው። ዱካ ኖሮ ቅርንጫፍ ከሌለ የቀደመው በሰላም አልፏል ማለት ነው። ይህንንም ለምንይችል ያስተማረው አለበል ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ አለበል ባዶ በርሜሎች ጭኖ ብቻውን ከእርሻ ሲመለስ ሽመል ፈፋ በሚባለው ቦታ ላይ ሰመጠ። ከጎማው ሥር ሳንቃ እየሰደደ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ታግሎ ወጣ። ስልኩን ሲያይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቅርንጫፍ የሚቆረጥበት አባሎ የሚባለው ዛፍ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይርቃል። ገጀራው ከመቀመጫው ሥር ነበር። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ተሸንፎ የምንይችልን ትራክተር አጥቧል፤ ዛሬ ዘግይቶ ቢደርስ ደግሞ ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ፈራ ይባላል። ከኋላዬ ማን ይመጣል አለና ነዳው።

ከኋላው ሁለት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ዋለ መጣ። ዋለ ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ ሾፌርነት የለመደ ወጣት ነው። ተጎታች ስላልነበረው ከዱካው ወጥቶ ከላይ በኩል ሣር ሣሩን አለፈ። ቀጥሎ ምንይችል መጣ። እርሱ ተጎታቹን ሙሉ ጭኗል፤ የወንድሙንም ጎማ ዱካ አሳምሮ ያውቀዋል።

አለበል ጌም ቤት ቁጭ ብሎ፣ ባዶው ወንበር ላይ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አስቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል የወንድሜ ነው ብሎ ከለከለው። ለኢሕሳን፣ ዛሬስ የፈራው እርሱ ነው ብሎ አሳቃት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ትራክተሩ ሰምጦ፣ ሊወጣ ሲታገል ተገልብጦ፣ ምንይችልን ሥሩ አስቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ የቀረውን ዱካ ሁሉ አጠበው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሾፌሮቹ ከምንይችል በፊት መጨረሻ ያለፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ዋለ ነዋ ተባለ። ዋለ አልሰመጥሁም፣ ቅርንጫፍም አላየሁም ቢል ማን ይስማው። የምንይችል ሚስት እመቤት፣ ሁለት ልጆቿን ታቅፋ፣ ቅርንጫፍ የነፈገን እጅ እህል አይባርከው ብላ ረገመች። አለበል አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ሰዎች ሊያለቅስ ነው ብለው ያዙት። እርሱም አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ በገፋ ቁጥር ያልተናገረው ቃል እየከበደው ሄደ። መስከረም አልቆ ሰሊጥ መታጨድ ሲጀምር ሾፌር እንደ ወርቅ ይፈለጋል፤ ዋለን ግን የሚቀጥረው ጠፋ። ሥራ ሲያጣ ጌም ቤት ይመጣል፤ አብሮት የሚጫወት የለም። አለበል ይህን ሁሉ ያያል። ነገ እናገራለሁ ይልና፣ ነገ የእመቤት ልጆች አጎታችን መጣ ብለው እግሩ ላይ ሲጠመጠሙ ይተወዋል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ዋለ ቦርሳውን ይዞ ኢሕሳንን ሊሰናበት መጣ። ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ አብደራፊ እሄዳለሁ፣ እዚያ የሚያውቀኝ የለም አላት። ኢሕሳንም በአባቷ ዓረብኛ ማሌሽ፣ አይዞህ ያልፋል አለችውና ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ወደ አለበል አየች። ዋለ ትንሽ አመነታና ቀረበ።

«ጋሽ አለበል፣ አንድ ዙር ይጫወቱኛል? ሌላው እንቢ ብሎኛል።»

አለበል ጆይስቲኩን ተቀበለው። ከወንድሙ ሞት ወዲህ ሲይዘው የመጀመሪያው ነበር። ሁለት መኪኖች ጭቃውን እየረጩ ወጡ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የዋለ መኪና ተገለበጠ፤ ጌሙም አንሥቶ በጎማው አቆመው። አለበል የራሱን መኪና መንገድ መካከል ተወውና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ሽመል ፈፋ ላይ የሰመጥሁት እኔ ነኝ» አለ። «ቅርንጫፍ አልተከልሁም።»

ዋለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሣም።

«አውቃለሁ» አለ። «ሳንቃውን የሰደዱበትን አይቻለሁ። እኔም አልፌ ሄድሁ። መትከል ያለበት የሰመጠው ነው ብዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ወንድም የሞተበትን ሰው በድንኳን ውስጥ እንዴት ልክሰስ? ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።»

አለበል ተነሥቶ በቀጥታ ወደ እመቤት ቤት ሄደ። በር ላይ ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥራለች፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ። ቁጭ በል ብትለው ቆሞ ነገራት። ዛፉ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ገጀራው የት እንደነበረ፣ አንዳች ሳያስቀር። ሰፌዱ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

«ውድድሩ።»

«ለጨዋታው?»

«አዎ።»

ልጆቹን በስማቸው ጠርታ አስገባቻቸው። ታናሽየው ወደ አጎቱ ሊሮጥ ሲል እጁን ያዘችው። ከዚያ በሩን ዘጋችው፤ በኃይል ሳይሆን፣ ሰው እንደተኛበት ቤት ቀስ አድርጋ።

በማግስቱ ጠዋት ጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ ዋለን ይቅር በለኝ አለችው። ዋለ ቦርሳውን አወረደ። ዛሬ ይነዳል።

አለበልን ሽማግሌዎች ከእመቤት ጋር አስታርቀውታል፤ ይቅር ብያለሁም ብላለች። በዓል ሲሆን ለልጆቹ ልብስ ገዝቶ ይሄዳል። በሩ ላይ ትቀበለዋለች፣ ታመሰግነዋለች። ቁጭ በል አትለውም።